ከራዲያተሩ ፊት የወደቀችው ወረቀት

ይህን የምጽፈው በወጣትነቴ ነቀምቴ ላይ የሠራሁትን አንድ በደል እስከ ዛሬ ለማንም ስላልተናገርኩ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ እርጥበት ያገኛቸውን መጻሕፍቴን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ ከአሮጌው የሞተር መጽሐፍ መካከል ለአራት የታጠፈች፣ የዘይት አሻራ ያረፈባት ወረቀት ወደቀች። ወዲያው አወቅኋት።

በጃንሆይ ዘመን፣ ጨለለቂ አጠገብ በነበረው በኦቦ ጉዲና ጋራዥ እሠራ ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር የንባብ ፍቅርን ከእሱ ወርሻለሁ፤ የሞተሩን መጽሐፍም መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ ሦስት ዓመት አጠናሁት። ኦቦ ጉዲና ሸምግለው ነበርና የጋራዡን ቁልፍ ከሁለት አንዳችን እንደምንረከብ ሁሉም ያውቃል፤ ወይ እኔ፣ ወይ ቶላሳ።

ቶላሳ ከኑኑ ቁምባ የመጣው ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው። ፊደል አልቆጠረም። ሞተር ሲታመም ግን መዳፉን ዘርግቶ እንደ ወጌሻ ይዳብሰዋል። ወጌሻም ይሳሳታል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ እሱ ግን አይሳሳትም። ምሳ ሰዓት የኦቦ ጉዲና ባለቤት ቅቤ የጠጣ አንጮቴ ሲልኩ የሽማግሌው የመጀመሪያ ጉርሻ ለቶላሳ ነው። ወደ እኔ አንድም ቀን ቀድሞ አልተዘረጋም። ሰው በጉርሻ ይቀናል ቢሉኝ ቀድሞ እስቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ጉርሻዎቹን እቆጥር ነበር።

በሚያዝያ አንድ ጧት ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ የኦቦ ጉዲናን የጭነት መኪና ያለ ተሳቢው ይዘው ደረሱ።

“ተሳቢው ጨው እንደጫነ ሲሬ ቀርቷል” አሉ። “ሜዳ ላይ ምንም አይለኝም። ተሳቢውን አስሬ ዳገት ስጀምር ጉልበቱ ይከዳል፣ ውሃው ይፈላል። ጭራውን የሚይዘው ያለ ነው የሚመስለው።”

“ጨው ሲሸተው ውሃ ጠምቶት ይሆናላ” አለ ቶላሳ። ኦቦ ጉዲና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቶላሳ ሞተሩን አስነሥቶ መዳፉን ከራዲያተሩ ፊት ዘረጋ። “ንፋስ አይስብም። ጋሽ ደምሴ፣ ቡና ስትጭኑ መኪናውን ምን ጋ ታቆሙታላችሁ?”

“መፈልፈያው ሥር ነዋ። ባትሪው ደካማ ነው፣ ካጠፋሁት አይነሣልኝም፤ እስክንጭን ሞተሩ እንደተነሣ ይቆያል።”

“በቃ፣ የቡና ገለፈት ሲስብ ከርሟል። ራዲያተሩም የአየር ፊልትሮውም ታፍነዋል። ውሃና መጥረጊያ ነው መድኃኒቱ።”

የሲሬ መንገድ ጭቃ ላዩን ስለለበጠው ገለፈቱ አይታይም ነበር። ኦቦ ጉዲና ወደ እኔ ዞሩ። “መጽሐፍህ ምን ይላል?”

“መጽሐፉ በወረቀት ፈትኑ ይላል” አልኩ። “ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ላይ ስትደረግ ከተጣበቀች ንፋሱ ያልፋል፤ ከወደቀች ታፍኗል።”

ኦቦ ጉዲና እንግዳ መጥቶባቸው ወደ ደጅ ወጡ። ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀድጄ ራዲያተሩ ላይ አስደገፍኋትና ለቀቅኋት። ወደቀች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግማ ወደቀች። አንሥቼ ለአራት አጠፍኋትና ኪሴ ከተትኋት።

“ተጣበቀች?” አሉ ኦቦ ጉዲና ከደጅ።

“ተጣብቃለች” አልኩ። “እንግዲያው ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ነው የተቃጠለው።”

ቶላሳ ከመኪናው ማዶ መፍቻ ይጠርግ ነበር። ቀና አላለም።

የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ፈትተን ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን እስክንቀይር አራት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት የበልጉ ዝናብ አላቋረጠም፤ ሲሬ የቀረው ተሳቢ ሸራው የተቀደደ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ አንጮቴው ቀድሞ ወደ እኔ ተዘረጋ። ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ፤ ዋጥሁት።

በአምስተኛው ቀን ቶላሳና ጋሽ ደምሴ ተሳቢውን ሊያመጡ ሄዱ። የጆንያዎቹን ጨው ግማሹን ሟሙቶ አገኙት። የቀረውን እየጎተቱ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ ዳገቱን ሲጀምሩ ሞተሩ ፈላ። ቶላሳ እንፋሎቱን ሊያስተነፍስ እጁን በኮቱ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት የፈላው ውሃ ቀኝ እጁ ላይ ገነፈለ። ጋሽ ደምሴም ደንግጠው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨምሩበት ቴስታታው ተሰነጠቀ።

ቁስሉ እስኪሽር ሁለት ወር አለፈ። ሦስት ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ ሙቅና ቀዝቃዛ አልለዩም። ወደ ኑኑ ቁምባ ሊመለስ ሲነሣ ዕቃውን ተሸክሜ እስከ አውቶቡሱ ሸኘሁት።

“ወረቀቷ ስትወድቅ አይቻለሁ፣ ኦቦሌሳ” አለኝ። “ሁለቴ።”

ወንድሜ ማለቱ ነው፤ ያን ቀንም እንደ ወትሮው እንዲያ ነው የጠራኝ።

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ሽማግሌ ፊት ውሸታም ላድርግህ? ያልካትን ራስህ ትመልሳታለህ ብዬ ጠበቅሁ። እስከ ሲሬ ድረስ ጠበቅሁ።”

ቁልፉን እኔ ተረከብኩ። ኦቦ ጉዲና ሳያውቁ አረፉ። ራዲያተሩን ያኔውኑ ብቻዬን አጥቤው ነበር፤ የወጣው ገለፈት አንድ ቁና ይሞላ ነበር።

ዛሬ ወረቀቷን ከፊቴ አድርጌ ሳስብ አሁንም በቶላሳ እቀናለሁ። እንደዋሸሁ እያወቀ፣ እኔ እውነቱን እንድናገር ጊዜ ሰጠኝ፤ በእሱ ቦታ ብሆን አንዲት ደቂቃ የምታገሥ አይመስለኝም። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ኑኑ ቁምባ ሩቅ አይደለም፤ አልሄድኩም።

የጠፋው ይህ ነው፦ አንድ ቴስታታ። የአንድ ተሳቢ ጨው ግማሹ። የአንድ ሰው ሦስት ጣቶች።