ከአንድ ጫማ የወጣ ጭፈራ

አጋሮ ላይ ፀጉር ቤት አለኝ። እትዬ ብርሃንነሽ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሹሩባ ሊሠሩ ይመጣሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ ነው። ሠርግ ላይ እንኳ ሲጨፍሩ ያየ ሰው የለም። "ጴንጤ ስለሆኑ ነው" እንል ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል!

ያ ቲክቶክ ላይ አገር ምድሩን ያሳበደው ጭፈራ አለ አይደል? እግር ጎተት፣ ጉልበት እጥፍ፣ የግራ ትከሻ ዝቅ የሚልበት። ሚዜ አይቀር፣ ተማሪ አይቀር፣ የባጃጅ ሹፌር አይቀር! አንድ ቅዳሜ ስልኬን ከፍቼ ሳሳያቸው ፊታቸው ልውጥ አለ።

"ይሄ የኔ ውርደት ነው" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሳቄን ለቀቅሁት። ምነው በቀረብኝ! ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ነው የደነገጥኩት።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። በ1976 የአጋሮ ኪነት ቡድን ጅማ ላይ ከጎረቤት ከተማ ከየቡ ኪነት ጋር ሲወዳደር እሳቸው የቡድኑ ጨፋሪ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። የተዋሱት ጫማ ሰፍቷቸው መድረክ ላይ ሊወልቅ አለ። እሱን ለማትረፍ እግራቸውን ጎተቱ፣ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ትከሻቸው አብሮ ወረደ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። "ሳቁብኝ" ብለው በጓሮ በር ሮጡ። ከዚያ ወዲያ ጭፈራ ያለበት ደጅ ረግጠው አያውቁም። አርባ ዓመት!

ቪዲዮውን መጀመሪያ የለቀቀችው ጽዮናዊት የምትባል የየቡ ልጅ ናት። "ከአያቴ የተማርኩት" ብላ ጽፋበታለች።

"ማን ሲያሾፍብኝ እንደኖረ ማወቅ አለብኝ" አሉ እትዬ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ የቡ ሚኒባስ ተሳፈርን።

አያትየው አቶ ነጋሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እትዬ ሰላምታም አልሰጡ። "የአጋሮ ኪነት ብርሃንነሽ ነኝ" አሉ ኮስተር ብለው።

"ዋቃዮ!" ሰውየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "አንቺ ልጅ የት ጠፍተሽ ነው? አዳራሹ ሙሉ 'ይደገም!' እያለ ሲጮህልሽ!"

"ስቃችሁብኝ አይደል እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣሽ! እኛ ተቀናቃኞችሽ አፋችንን ከፍተን ነው የቀረነው። ያቺን ነገር ሦስት ወር ተለማመድናት። ሠርጌ ላይ ጨፈርኳት፣ ልጆቼን አስተማርኳቸው፣ የነሱም ልጆች ተማሯት።"

አንዲት ልጅ በድንጋጤ ያደረገችው ነገር ከሠርግ ሠርግ፣ ከልጅ ልጅ ሲሻገር ኖሮ ዛሬ አገር ሁሉ ይጨፍረዋል። ያላወቁት እሳቸው ብቻ! እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ፤ እኔም አላስቻለኝም።

ጽዮናዊት ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ሙዚቃውን ከፈተችው። "እማማ፣ በናትዎ ያሳዩን!"

እትዬ ግቢው መሀል ቆሙ። እግራቸውን አነሱ፤ መልሰው አሳረፉት።

"አልችልበትም እኮ ልጄ" አሉ፤ "አስቤ ሠርቼው አላውቅም።"

ልጅቷ ሁለት እጃቸውን ይዛ ከመጀመሪያው ጀምራ አስተማረቻቸው።