በታህሳስ የዘራሁት ሣር

በቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው፣ መሣሪያ ተቀብሯል ብለው የግቢያችንን ሣር ከነሥሩ ገለበጡት። ምንም አላገኙም። መሪያቸው ሲወጣ ጣቱን ወደ አባቴ ቀስሮ «እንመለሳለን» አለው።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩት አዛውንት የተወሰዱት ግቢያቸው ውስጥ አዲስ የተቆፈረ አፈር ስለተገኘ ነው። ድንች ሊተክሉ ነበር ቢባል ማን ይሰማል! የእኛን ግቢ የቆፈሩት ጠባቂዎቹ ራሳቸው መሆናቸውንስ ቀጥለው ለሚመጡት ፈታሾች ማን ይመሰክርልናል? እናቴ አለቀሰች። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደሜ ፈላ። «ሣሩ ይመለሳል!» አልኩ።

«ወይ ጉድ! በዚህ ውርጭ? ደግሞ ሣር ይዘራል እንዴ?» አለች እናቴ።

ይዘራል! ያኔ ከቦሌ ወደ ገርጂ ሲኬድ ሁሉም ሜዳ ነው። ሄጄ የደረቀውን የሣር ዘር በእጄ እየሸመጠጥኩ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁ። ግማሹን አፈሩ ላይ በተንኩት። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ጠዋት ጠዋት የሚታየው አመዳይ ብቻ ነው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ያንን ባዶ አፈር እያየ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ አንጀቴን በላው።

የቀረውን ዘር እንደ ብቅል አደረግኩት። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ አኖርኩት። እናቴ «የሣር ጠላ ልትጠምቂልን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ስገልጠው ጎንቁሎ ነጭ ሥር አውጥቷል። እልል አልኩ! እናቴም ሳቋን ትታ አብራኝ ተንበርክካ ዘራች። ሲመሽ ጆንያ እናለብሰዋለን፣ ፀሐይ ሲወጣ እንገልጠዋለን፣ እኩለ ቀን ላይ ውሃ እናጠጣዋለን።

ጥምቀት እንዳለፈ መጡ፤ የፊተኞቹ አይደሉም። ሣሩ ቁመቱ ጣት ባይሞላም አፈሩን ሸፍኖታል። ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ አንዱ ጠመንጃውን እንዳነገተ ሊያቋርጥበት እግሩን አነሳ።

«አትርገጠው!» ጮህኩበት። «ስንት መከራ አይቼበታለሁ!»

ጠባቂው እኔን አየ፣ ሣሩን አየ፤ እግሩን መለሰና በዳር ዞሮ ገባ። ጓደኞቹም ተከተሉት። ቤቱን ፈትሸው ሲወጡም በዳር ወጡ፤ ማንም አካፋ አልጠየቀም፣ አባቴንም ማንም አልነካው።

አባቴ የግቢውን በር ዘግቶ ተመለሰ። እሱም በዳር በዳር ነበር የመጣው።