ከአጥር በላይ የተሻገረው ሽቦ

ደስታነሽ ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ወጥታ በኬንያ በኩል ወዳለችው ሞያሌ ስትገባ፣ የእሷና የባሏ የእንድሪያስ ሀብት አንዲት አሮጌ ጄኔሬተር ነበረች። ጡሪ የምትባል የቦረና ሴት ከግቢዋ ጎን ያለውን ባዶ ክፍል ሰጠቻቸው። ስለ ኪራይ ሲጠይቋት፣ "መጀመሪያ አረፍ በሉ" አለቻቸው። እነሱም ክፍሉን ምግብ ቤት አደረጉት። እንድሪያስ ጄኔሬተሩን ጓሮ አስቀመጠና ሽቦ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ለጡሪም ቤት አምፖል ሰቀለላት።

ደስታነሽ ያን ጊዜ አትረሳውም። ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሾፌሮች ሽሮ እየበሉ ያወራሉ። መብራቱ ሲደክም ጡሪ ከማዶ፣ "ደስታ፣ ነዳጁ አለቀ እንዴ?" ትላለች። ደስታነሽ ልትመልስ ትወጣለች፤ ወሬው ይቀጥላል፣ ወጡም ያርርባታል። እንድሪያስ ጄኔሬተሩን ሊያጠፋ ሲል መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ ሁለቱም ቤት እራቱን እንዲጨርስ።

እንድሪያስ ከሞተ በኋላ ስቲማ ገባ፤ የመስመር መብራቱን እዚያ እንዲያ ነው የሚሉት። ጄኔሬተሩ ተሸጠ፣ ሽቦው ግን እንዳለ ቀረ፤ ስቲማውም ከደስታነሽ ቤት ወደ ጡሪ የሚሻገረው በእሱ ነበር።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2014፣ በዝናቡ ወራት፣ ጡሪ የብረት በሯን ልትከፍት ስትይዝ ነዘራትና ወደቀች። ክንዷ ደንዝዞ ሰነበተ። ደስታነሽ ደንግጣ ሱራ የሚባል ፉንዲ አስጠራች፤ ፈቃድ ያለው የመብራት ሠራተኛ ነው። እሱም በአጥሩ የተሻገረው ሽቦ ተልጦ የጡሪን በር እንደነካ አገኘ።

"ማማ፣ ይሄን ማን ዘረጋው?"

"ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረው።"

ሱራ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም። አዲሱ ደንብ ግን ከቤት ወደ ቤት ሽቦ ማሻገርን ይከለክላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ፣ የራሱ ብሬከር፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ዘንግም ያስፈልገዋል። ሽቦ ቢላጥ እንኳ ብሬከሩ ኤሌክትሪኩን ወዲያው ይቆርጠዋል።"

"የተላጠውን ብቻ ብትጠግነውስ?"

"እችላለሁ። ግን እማማ ጡሪ እንደገና ቢነዝራቸው ምን እላለሁ?"

ደስታነሽ ሽቦውን ቀና ብላ አየችው። "ቁረጠው" አለች።

ሽቦው ሲወርድ ላዩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። መጋጠሚያው ላይ እንድሪያስ ፕላስተር ባጣ ጊዜ የጠቀለለው የብስክሌት ጎማ ላስቲክ አለ። ደስታነሽ ላስቲኩን በጣቷ ዳሰሰችና ሥራ እንዳለባት ተናግራ ወደ ውስጥ ገባች።

ሁለቱም ቤት አዲስ መስመር ተዘረጋለት። የጡሪ አምፖል ከእንግዲህ አይደክምም። ደስታነሽ ግን ሲመሽ አጥሩ አጠገብ ቆማ ትቀር ነበር።

ጡሪ ክንዷ ሲሻላት በበሩ ዞራ መጣች።

"ቤትሽ እንዴት ነው?" አለቻት ደስታነሽ።

"ደማቅ ነው። ልጄ ማታ ማታ ታጠናለች።"

"እኔ ግን ያ ሽቦ ናፈቀኝ።"

"እኔንም" አለች ጡሪ ክንዷን እያሸች። "ግን ክንዴን እወደዋለሁ።"

ሳቁ። ሾፌሮቹ ሻይ እስኪጠሩ ድረስ ስለ እንድሪያስ ሲያወሩ ቆዩ።