አብረው የሚለወጡ ጥንዶች

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ አዲስ የቲቢ መድኃኒት ልታገኝ ነው» እያለች ስታወራ አንድም ቀን አርሜያት አላውቅም። መድኃኒት የማገኘው እኔ አይደለሁም። የኔ ሥራ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዥ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። ከታች ላሜራ ሲቀጠቀጥ ይውላል። መብራት በሄደ ቁጥር የጀመርኩት ስሌት ይቋረጣል፤ ሲመጣ እንደገና እጀምራለሁ። ምርምር የሚሉት ይኼንን ነው።

ሥራው ደስ ይለኝ እንደነበር ግን አልክድም። ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች አሉ፤ አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩት እርስ በርስ ተያይዘው ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚያያዝ ከታወቀ ያንን መያያዝ የሚያፈርስ መድኃኒት መፈለግ ይቻላል። ሁሉንም በላብራቶሪ መፈተሽ ዕድሜ ስለሚፈጅ መጀመሪያ ኮምፒውተር ይገምታል። ብልሃቱ ቀላል ነው። ከተለያዩ ተዛማጅ ባክቴሪያዎች የተወሰዱትን ፕሮቲኖች ጎን ለጎን እንደረድራለን፤ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ሌላውም ተከትሎ ከተለወጠ ሁለቱ ይነካካሉ ብለን እንገምታለን። ይህን ለሰው ሳስረዳ ምሳሌዬ ሁልጊዜ አባቴና እናቴ ነበሩ። እሱ ስኳር ሲከለከል እሷም ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። እሱ ጡረታ ሲወጣ እሷ ገበያ የምትወጣበትን ቀን ቀየረች። ሰዎች ይስቁልኝ ነበር።

አባቴ ማሳል የጀመረው ጥር ላይ ነው። «ብርድ መቶኝ ነው» አለ፤ እኛም ብርድ ነው አልን። ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታችን ነፋስ አያጣውም። እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ስለዚህ ባክቴሪያ ሳነብ የምውለው ሴትዮ፣ አንድ እሑድ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። በሽታው በታፈነ አየር እንደሚተላለፍ ማንም ቢጠይቀኝ ሳላስብ እመልሳለሁ። እቤት ስገባ ግን ብርድ የምትፈራ የእናቷ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ተባረኪ፣ አሁን ሞቀን» አለችኝ።

ሁዳዴ እንደገባ ሳሉ ስለበረታ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ቲቢ ነው ተባለ። ነርሷ ካርድ አውጥታ «አባት፣ እቤት ውስጥ ሌላ የሚያስለው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ አፉን ከፈት ሲያደርግ ቀድሜው «የለም» አልኩ። እናቴን በኔ ፊት ስታስል ሰምቻት አላውቅም። ማለዳ ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው መሆኔን ግን አላሰብኩትም።

«አብረው የሚኖሩት መጥተው ቢታዩ ጥሩ ነው» አለች ነርሷ። ሙያዬን የመዘዝኩት ያኔ ነው። የምሠራውን ነገርኳት፤ እናቴ ላይ ምልክት ካየሁ ራሴ እንደማመጣት በሙሉ ልብ ተናገርኩ። «ታዲያ እኛ አንቺን ምን እንነግርሻለን!» ብላ ሳቀችና ካርዱ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። እቤት ተመልሼ ፕላስተሩን ላጥኩ፣ መስኮቱን በረገድኩ። በራሴ ኮርቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ኪኒኑን ለአባቴ የምትሰጠው እናቴ ሆነች። እሱ ሰውነቱ እየተመለሰ ሄደ፤ እሷ ከሳች። «ጾም ነው» አለች፤ እኔም ጾም ነው አልኩ። በየዓመቱ በሁዳዴ መክሳቷ አዲስ ነገር አልነበረም። ነጠላዋን አፏ ላይ የመያዝ ልማድ አመጣች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። በነዚያው ሳምንታት ቢሮ ውስጥ አብረው የሚለወጡ ጥንዶችን ስለቅም፣ አንድም እንዳያመልጠኝ ዓይኔ እስኪቀላ አፈጥ ነበር።

ፋሲካ ደርሶ ጾሙ ሲፈታ ከዶሮው አልቀመሰችም። ሳህኗን ወደ አባቴ ገፋችው። እኔ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ስትመረመር ሳንባዋ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ...» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። መድኃኒቱን ጀመረች፣ ሰኔ ላይ ሞተች። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች «አይዞሽ፣ መድኃኒቱን አግኝተሽ ትክሻታለሽ» ይሉኝ ነበር። ራሴን የዚያን ያህል የጠላሁበት ጊዜ የለም።

አባቴ የመጨረሻውን ኪኒን የዋጠው ነሐሴ ላይ ነው። ያችው ነርስ «ድነዋል አባት» አለችው። አመሰገናትና ወጣን። ጤና ጣቢያው ካለበት ከሲኤምሲ ስንሳፈር ይዘንብ ነበር። የታክሲው መስኮት ሁሉ ተዘግቷል፤ ሰው እርስ በርሱ ይተነፋፈሳል። አባቴ አጠገቡ ያለውን መስኮት ከፈተው።

«አባት፣ እባክዎ ይዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» አሉ ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ።

አልዘጋውም። እኔም ስንት ወር አፌ ላይ ሲመላለስ የቆየውን ነገር አወጣሁት። «አባዬ፣ ያን ቀን የሚያስል ሰው የለም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አጠገብሽ ነበርኩ እኮ።»

ለረዳቱ የሁለታችንን ሂሳብ ከፈልኩ።

«እናትሽ ያኔም ታስል ነበር» አለ፣ ወደ ውጭ እያየ። «አንቺ እንዳትሰሚ ትራሱ ውስጥ ነበር የምታስለው። ለነርሷ ልናገር ስል አንቺ የለም አልሽ። ልጄ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ዝም አልኩ።»

ዝናቡ በመስኮቱ እየገባ እጅጌውን አረጠበው። ሳሊተ ምሕረት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ያለው እሱ ነው።