ኪስታ ላይ ታኮ የሸጥንበት መኪና

ሥራ በገባሁ የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ሮሳ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል አስከተፈችኝ። ሽንኩርቱ ደቀቅ ማለት ነበረበት፤ ቅጠሉ ግን ሳይጨፈለቅ በስለታም ቢላ መቆረጥ አለበት። ጨርሼ ሳሳያት በጣቷ አንስታ አየችና «ሽንኩርቱ ጥሩ ነው። ቅጠሉን ደብድበሽዋል» አለችኝ። እንደገና ከተፍኩ።

የገባሁት በፕራክቲክ ነው፤ ስዊድንኛ እየተማርኩ ለሙከራ እንድሠራ ተልኬ። ከምኖርበት ከቮርቢ ጎርድ በከተማው ባቡር ቀይ መስመር ስቶክሆልም መሐል ከተማ እመጣለሁ፣ ከዚያ በሰማያዊው ኪስታ። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበርኩ፤ የሜክሲኮ ምግብ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሜክሲኮ ሲባል የማውቀው አደባባዩን ነው።

ሥራ ቤታችን መኪና ነበር። የኮምፒውተርና የቴሌኮም መሥሪያ ቤት ሰዎች ለምሳ ሲወጡ በሚያልፉበት መንገድ ላይ እናቆመዋለን። ውስጡ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛ አያስገባም። በቀኝ በኩል ኮማል የሚባለው ጠፍጣፋ ብረት ምጣድ አለ፤ ቶርቲያ፣ ማለትም ስሱ የበቆሎ ቂጣ፣ የሚጋገረው እሱ ላይ ነው፤ ሥጋ ሲደረግበት ታኮ ይባላል። በግራ ትልቁ ድስት ተጥዷል። የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከሥር ናቸው።

ሮሳ የመኪናው ባለቤት ናት፤ ከሜክሲኮ ከመጣች ብዙ ዘመኗ ነው። በእድሜ ትበልጠኛለች። ስዊድንኛ አንቱታ ስለሌለው አንቺ ብያት ለመድኩ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ድስቱ ውስጥ ያለው የአሳማ ሥጋ መሆኑን ያወቅኩት በዚያው ቀን ነው። ጭልፋውን አስቀመጥኩ።

«እኔ ይህን አልበላም» አልኳት።

«ማን ብይ አለሽ? አብስይው ነው ያልኩሽ።»

«ሳልቀምስ እንዴት አድርጌ አበስላለሁ?»

«ጨውን እኔ እቀምሳለሁ። አንቺ እይው፣ አሽትቺው፣ ስሚው።»

ስሚው ያለችው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ሥጋው መጀመሪያ በውሃ ይፈላል፤ ውሃው ሲያልቅ የራሱ ስብ ይጠብሰውና ድምፁ ይለወጣል። መንፎልፎሉ ቀርቶ «ጭስስ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይመጣል። እዚያ ላይ እሳቱን ካልቀነስሽ ይደርቃል። ጀርባዬን ሰጥቼ ቂጣ እየጋገርኩ ድስቱን መጠበቅ የቻልኩት በጆሮዬ ነው።

እሑድ ዕለት የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ አትብዪው። እጅሽን ታጠቢና ሥሪ» አሉኝ። ቀለለኝ። ፕራክቲኩ ሲያልቅ ሮሳ ቀጠረችኝ። ከከታፊነት ወደ ቂጣ ጋጋሪነት፣ ከዚያ ወደ ድስቱ ኃላፊነት አደግኩ። በዚያ መኪና ከዚህ በላይ ማዕረግ የለም።

አንድ ቀን ቂጣ አረረብኝና በአማርኛ ሳጉረመርም፣ መስኮቱ ፊት የቆመ ሰው ሳቀ። ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ልጅ ነው፣ የአውቶቡስ ሹፌር። እረፍቱን የሚያሳልፈው እኛ አጠገብ ካለው ፌርማታ ነበር።

«እትዬ፣ አሳማ የሌለበት ምን አላችሁ?» አለኝ።

«ባቄላና እንጉዳይ አለ። ግን መቆንጠጫው አንድ ነው፣ ምጣዱም አንድ ነው። ብዋሽህ ደስ አይለኝም።»

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለና ሳይበላ ሄደ።

ለሮሳ ነገርኳት። ደንበኛ አባረርሽ ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በሳምንቱ ሌላ ትንሽ ኮማልና ሌላ መቆንጠጫ ገዝታ መጣች። ከአሳማው እንዲለይ መያዣው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ጠቀለለችበት። ሰይድ እንደገና ሲያልፍ ጠርቼ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ደንበኛችን ሆነ፤ ጊዜ ሲያጥረው ከመጨረሻው ፌርማታ ደውሎ ያዛል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

የምሳ ሰዓት ነበር፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሮሳ ቂጣ ስታነሳ ከቀኝ እጇ ወደቀባት። ሳቀችና ሌላ አነሳች። እሱም ወደቀ። ዞሬ ሳያት የአፏ አንድ ጎን ዝቅ ብሏል። «ሮሳ፣ እጅሽን አንሺ» አልኳት። ግራው ተነሳ፣ ቀኙ አልተነሳም። ልትናገር ሞከረች፤ የሚወጣው ቃል አልነበረም።

ይዣት ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። 112 ደወልኩና ባለችኝ ስዊድንኛ ተናገርኩ። ሰይድ ከሰልፉ ወጥቶ በሩን ከፈተ፤ አምቡላንሱን ሮጦ የተቀበለው እሱ ነው። እኔ ከነሽርጤ ከአምቡላንሱ ሹፌር ጎን ተቀምጬ ሄድኩ።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ ወዲያው አስገቧት። ስትሮክ ነው፣ በጊዜ ነው የደረሳችሁት አሉኝ። ልጅ የላትም፤ እህቷ ያለችው ሜክሲኮ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። የእጄ ሽታ ሽንኩርት ነበር።

በኋላ ነርሷ ጠራችኝ። ሮሳ ነቅታለች፤ ግን ስዊድንኛው ጠፍቶባታል። አንድ ቃል ብቻ ትደጋግማለች፦ «ሉምብሬ። ሉምብሬ።» አስተርጓሚ እየተፈለገ ነበር። እየተጨነቀች ልትነሳ ትሞክር ስለነበር ሁለት ሰው ይዟታል።

የእኔ ስፓኒሽ የወጥ ቤት ስፓኒሽ ነው። ጨው፣ ጥቂት፣ ጨምሪ፣ ቶሎ በይ፣ ከዚህ አያልፍም። ሉምብሬን ግን አውቀዋለሁ። የምድጃ እሳት ነው። የምትጠይቀኝ እሳቱን አጥፍተሻል ወይ ብላ ነው።

መልሱንም አውቀዋለሁ፤ «አፓጋዳ» ይባላል፣ ጠፍቷል ማለት ነው። አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጥኩት። እሳቱን ማጥፋቴን አላስታውስም ነበር። ድስቱ ስብ ሞልቶ እሳት ላይ ነው፣ ከሥር ሲሊንደር አለ፣ ሰዉ መስኮቱ ፊት ቆሟል። ኮሪደር ወጥቼ ለሰይድ ደወልኩ።

«እትዬ ብርቄ፣ እንዴት ናት?»

«ነቅታለች። ሰይድ፣ እሳቱ?»

«ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘግቼዋለሁ። ድስቱንም በጨርቅ ይዤ አወረድኩት። መኪናው ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«የአሳማው ድስት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ታጠብኩ። ሂዱ እሷን አይዞሽ በሏት፣ አለቃዬም ሌላ ሹፌር ተክቶልኛል።»

ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። የደስታ ነው የሚሉት ዓይነት ልቅሶ ነበር፤ ሲያልቅ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ። ተመልሼ ገባሁና እጇን ይዤ «አፓጋዳ፣ ሮሳ። ሁሉም አፓጋዳ» አልኳት። አየችኝ። ትከሻዋ ወረደ፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ተኛች።

«ምን ብለሻት ነው?» አለችኝ ነርሷ። ነገርኳት። ለሐኪሙ ነገረችው፤ እሱም መጠየቋና መልሱን መረዳቷ ጥሩ ምልክት ነው አለኝ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

መኪናው ለትንሽ ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። ሮሳ በእጇ ምልክት እያሳየች ክፈቺው ስትለኝ ከፈትኩት፤ አንዲት ልጅ ለቂጣው ቀጠርኩ። የቸገረኝ ጨው ነው። እኔ አልቀምስም፣ ልጅቷ ሥጋ አትበላም። የዱሮ ደንበኛችን የሆነ አንድ መሐንዲስ ከሰልፉ በፊት እየመጣ እንዲቀምስልኝ ለመንኩት። ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ይለኛል። ስዊድናዊ ነው፣ ሰው ማስቀየም አይወድም። ስለዚህ ፊቱን ማየት ጀመርኩ፤ ሁለተኛ ጉርሻ ሳይጠይቅ ከሄደ ጨው እጨምራለሁ።

በረዶው ሲቀልጥ ሮሳ በከዘራ መጣች። ደግፈን አስገብተን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ከድስቱ ቁራጭ ሥጋ በትንሽ ቂጣ ሰጠኋት። አላመጠች፣ ከዚያ «ሳልት» አለች።

በስፓኒሽ ጨው «ሳል» ነው። «ሳልት» የሚለው ስዊድንኛው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» በደንብ ሰማኋት።

«አነሰ?» አልኳት በስዊድንኛ።

«አነሰ» አለች በስዊድንኛ።

እንደዚያን ቀን ጨው ጎደለው በመባሌ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ቀሪው ቋንቋዋ ቀስ እያለ ተመለሰ። ቀኝ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ስለዚህ ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጣ፣ እኔን እያዘዘች እስከ ጡረታዋ ሠራች። ቀጥሎ እኔም ጡረታ ወጣሁ። መኪናውን አሁን የቂጣዋ ልጅ ትነዳዋለች።

እዚህ ያሉ ወጣቶች ስቶክሆልም ውስጥ ጥሩ ታኮ የት ይበላል እያሉ ይጠይቁኛል። ቂጣውን ካዘዛችሁ በኋላ ምጣድ ላይ የሚጥሉበት ቦታ ብሉ፤ አስቀድሞ ተጋግሮ በላስቲክ የተጠቀለለ ካያችሁ እለፉት። ሳልሳውን፣ ማለትም የሚያቃጥለውን ማባያ፣ ቀድማችሁ በትንሹ ቅመሱ። የምትጾሙ ወይም አሳማ የማትበሉ ከሆናችሁ ስለ ምጣዱ ጠይቁ፤ ሳያድበሰብስ በግልጽ የሚመልስላችሁ ወጥ ቤት ንጹሕ ነው።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህ ነው። የጋዙ መዝጊያ የት እንዳለ ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። እኛ መኪና ውስጥ ለማንም አሳይተን አናውቅም ነበር፤ ሰይድ ራሱ ፈልጎ አገኘው። እናንተ ግን ሥራ በጀመራችሁበት ቀን አሳዩ።