ሻቫሳና ያልተኛንበት ቀን

ቡና የከረመበት ጆንያ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ጀርባዬን ይበላኛል። ቴፒ ተማሪ ሳለን ምንጣፋችን እሱ ነበር። ሕንዳዊቷ መምህራችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመኝታ ክፍላችን ጀርባ ሣሩ ላይ ዮጋ ታሠራን ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ጆንያው ያልተፈለፈለ ቡና፣ የጀንፈል ሽታውን ይለቃል።

የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ስም ትርጉም ሳትነግረን አታሠራንም። ሳንስክሪት ለእኛ እንደ ግዕዛችሁ ነው ትል ነበር። አሳና አቀማመጥ፣ ታዳ ተራራ፣ ቭሪክሻ ዛፍ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ በጀርባችን እንዘረጋለን፤ ሻቫሳና። ሻቫ ሬሳ መሆኑን የነገረችን ቀን የመኝታ ክፍሌ ልጅ ጆንያዋን ጠቅልላ ተነሣች። በጤናዬማ ሬሳ አልሆንም፣ ሟርት ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ዳር ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። ማጂ ላለው አባቴ በስልክ ስነግረው፣ «ሬሳ እንድትሆኚ ነው ያን ሁሉ መንገድ የላክሁሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባቴ የሞተው በፈተና ሰሞን ነው። አክስቴ የደወለችው ለእኔ ሳይሆን ለክፍሌ ልጅ ነበር። በእኛ ዘንድ ተማሪ ፈተናውን ሳይጨርስ መርዶ አይነገረውም። ጓደኞቼ ሁሉ አወቁ፤ እኔ አጠና ነበር። የአባቴ ስልክ እምቢ ሲለኝ ማጂ ኔትወርክ የለም አሉኝ፣ አመንኩ።

ፈተናው ሊያልቅ ሲል እንደ ልማዳችን ጆንያ አነጠፍን። በጀርባዬ ልተኛ ስል መምህራችን ትከሻዬን ያዘች።

«ዛሬ ሻቫሳና የለም።»

ለምን አልኳት። የክፍሌን ልጅ አየቻት፤ እሷ አቀርቅራ ሣር ትነጫለች።

«ባላሳና ይሁን» አለች። «ባላ ሕፃን ነው።»

ተንበርክኬ ግንባሬን ጆንያው ላይ ደፋሁ። መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች፤ ሌሎቹ ተነሥተው ሲሄዱ እንኳ አላነሣችውም።

ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቴፒ ያሉ ዘመዶቼ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አላለቀስኩም። ማጂ ስደርስም አላለቀስኩም። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ አሉኝ፤ የሚወጣ ነገር አጣሁ። አሁንም አልወጣም።

ዛሬ የምሄድበት ስፖርት ቤት አሠልጣኙ ስሞቹን ሳይተረጉም ይጠራል። ሁሉም በጀርባው ሲዘረጋ እኔ እንበረከካለሁ። አባት አለኝ ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ ግንባሬን የደፋሁት እንደዚያ ነበር፤ እሱ ግን ያኔ ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር።