ከእናቴ ዘፈን የተቆረጠው ስንኝ

ዛሬ ከማራኪ ወደ ፒያሳ ስንሄድ እናቴ ሚኒባስ ውስጥ ዘፈን አስዘጋች።

ሹፌሩ የከፈተው በየሠርጉ የምንጨፍርበትን ያን የአይከል ዘፈን ነው። አሁን ደግሞ አንድ ወጣት እንደ አዲስ ተጫውቶታል። በማሲንቆው፣ በባንዱ፣ በኪቦርዱ ያልዘፈነው የለም መቼም። (በእኔም ሠርግ ተጨፍሮበታል። እናቴ ያን ቀን ራሴን አመመኝ ብላ ወጥታ ነበር።)

"ምነው ልጄ፣ ዝጋው" አለችው።

"እማማ፣ ይኼን የመሰለ ሸጋ ዘፈን? የድሮ አዝማሪ የደረሰው እኮ ነው!"

"የደረስኩትስ እኔ ነኝ።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ከዚያ ነገረችን፤ ለካ በጃንሆይ ዘመን ያ አዝማሪ እጮኛዋ ነበር። ትቷት ሌላ ሊያገባ ሲል ፊት ለፊቱ ቆማ ግጥሙን አወረደችበት። እሱ ምን አደረገ? እሱን የሚከሰውን ስንኝ ቆርጦ የቀረውን በማሲንቆ ተጫወተው። ስሙ የገነነው በዚያ ነው። ከእሱ በኋላ የዘፈኑትም ሁሉ የወረሱት የተቆረጠውን ነው።

የጎደለውን እዚያው፣ በቀጭን ድምፅ አለችው፦

"አይከል ገበያ ላይ ጥበብ ሲገዛ አይቼ፣
ለኔ መስሎኝ ጠበቅሁ ሹሩባ ተሠርቼ።"

የሚስቅ ጠፋ። ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋው።

ስንወርድ ክንዴን ይዛ "እሱስ ትቶኝ ሄደ፤ እሺ። ለቅሶዬን ምነው ይዞብኝ ሄደ?" አለችኝ።

እናንተስ ቤት፣ አገር እየጨፈረበት የደረሰችው ሴት ዝም ያለችበት ዘፈን አለ? እናቶቻችሁን ጠይቁና እዚህ ጻፉልኝ። ስማቸውንም አትዝለሉ።